ሳለ

የጉና ብርድ የመታው ልጅ ሳለ። እናቱ ሽንኩርት ልትከትፍ ቢላዋ ሳለች። ታናሽ እህቱ ደብተሯ ላይ በሬ ሳለች። ከወገዳ እስከ ነፋስ መውጫ ይህን ሰምቶ ግራ የገባው ሰው ካለ አምጡልኝ፤ ጠላው በእኔ ነው።

ይኸው ልጅ 9ኛ ክፍል ገብቶ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆንበት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «ሶሉሽን» በሒሳብ መልስ፣ በኬሚስትሪ ሟሚና አሟሚ የተዋሃዱበት ነገር። «ላይት» መብራትም ቀላልም። «ማች» ክብሪትም የኳስ ግጥሚያም። «ማስ» ደግሞ ፊዚክስ ላይ በኪሎግራም ይለካል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ቅዳሴ ይሆናል። ልጃችን «ይሄ ቋንቋ ለኔ አልተፈጠረም» ብሎ ደብተሩን ይከድናል።

ኧረ ተው! የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ልጅ በመንታ ቃል ይደነግጣል እንዴ? የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕቱ ዙር አምባ ያሉት እኮ ጋይንት ነው። የቆሎ ተማሪው «ግእዝ» ሲባል ቋንቋውን፣ የፊደሉን የመጀመሪያ ቤት፣ ከዕዝልና ከአራራይ ጋር የሚቆጠረውን ዜማ ሳያምታታ ይለያል። ቅኔ ቤትማ ይብሳል፤ ኅብር የሚባለው አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከም ነው። እናንተ የምትሸሹት ነገር እዚያ «ይበል!» ያሰኛል።

«ሳለ»ን የለያችሁት በጎረቤቱ ነው፤ ብርድ፣ ቢላዋ፣ በሬ። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ያዙት። በግራ ቃል፣ በቀኝ ፍቺ እያሰለፉ መሸምደድ (እኔም ስንት ደብተር ጨርሼበታለሁ) ቃሉን ብቻውን ያስቀረዋል። ለእያንዳንዱ ፍቺ ከቀያችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡት፤ እናታችሁ በአንዱ «ማች» ምድጃ ታቀጣጥል፣ ጓደኞቻችሁ መካነ ኢየሱስ ሜዳ ላይ ሌላውን ይጫወቱ። በቀን ሦስት ቃል ይበቃል፣ አትስገብገቡ።

አንድ ረስቼ ነበር፤ «ገና ልጅ ሳለ» የምንለውስ? አራተኛ መጣ! ሲነገር «ለ» ጠበቅ ይላል፣ ሲጻፍ ግን ያው ነው። እንግሊዝኛም ይህ አለበት፤ «ሊድ» ተብሎ ሲነበብ መምራት የሆነው ቃል፣ ፊደሉ ሳይለወጥ «ሌድ» ሲባል እርሳስ ነው።

የትኛው እርሳስ? ማዕድኑ ወይስ አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት?