ሳይሮጡ ሜዳሊያ፦ የኢላማ ውድድሮች ስፖርት ናቸውን?

በሱሉልታ ሜዳ፣ በሰበታና በቡራዩ ዙሪያ፣ ከለገዳዲ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ስፖርት ሲባል አስቀድሞ የሚታየው ሯጭ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ጎሕ ሲቀድ በቡድን የሚሮጡ ወጣቶችን እያየ አድጓል፤ አገራችንም በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ ከአትሌቲክስ የመጣ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች በቅንነት የሚያነሡት ጥያቄ አለ። አንድ ቦታ ቆሞ 10 ሜትር ርቆ ወደ ተተከለ ኢላማ የሚተኩስ ሰው፣ 42 ኪሎ ሜትር ከሮጠ ሰው እኩል የወርቅ ሜዳሊያ ማግኘቱ ተገቢ ነውን? ላቡ የት አለ? ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ላይ ለመድረስ ግን በቅድሚያ ቃላቱን እንለይ። (በዚህ ትምህርት የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፖርት የምንለው በታወቀ ሕግ የሚመራ፣ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ እኩል በሆነ መለኪያ የሚዳኝ፣ በልምምድ የዳበረ የአካል ችሎታ የሚፈተንበት ውድድር ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ ላብ አልተጠቀሰም፤ ፍጥነትም አልተጠቀሰም። የተጠቀሰው የአካል ችሎታ ነው። ላብ ከአካል ሥራ ምልክቶች አንዱ ነው እንጂ ራሱ የአካል ሥራ አይደለም። ይህን ልዩነት አጥብቀን እንያዘው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

የኢላማ ስፖርት ማለት ውጤቱ ለአንድ ነጥብ በመቅረብ ወይም ከእርሱ በመራቅ የሚለካ ስፖርት ነው። በኦሊምፒክ የታወቁት የጠመንጃና የሽጉጥ ተኩስ፣ እንዲሁም ቀስት ውርወራ ናቸው። የኦሊምፒክ ስፖርት የሚባለው ደግሞ በጨዋታዎቹ መርሐ ግብር ውስጥ የገባው ነው። “ስፖርት” እና “የኦሊምፒክ ስፖርት” ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ክሪኬት ስፖርት መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ ሆኖም በ1900 ፓሪስ ላይ ከታየ በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የሚመለሰው በ2028 ነው። ቼዝ በበኩሉ በ1999 ከዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዕውቅና አግኝቷል፤ በጨዋታዎቹ ግን ሜዳሊያ አይሰጥበትም። እንግዲህ አንዱ ጥያቄያችን ሁለት ሆነ። ተኩስ በኦሊምፒክ ውስጥ ቦታ አለው ወይ? ደግሞስ በባሕርዩ ስፖርት ነው ወይ?

የመጀመሪያው ቶሎ ይመለሳል። በ1896 አቴንስ ላይ ዘመናዊው ኦሊምፒክ ሲጀመር ከተካሄዱት ዘጠኝ ስፖርቶች አንዱ ተኩስ ነበር። ማራቶንም የተጀመረው በዚያው ጊዜ ነው፤ ሁለቱ በኦሊምፒክ እኩያሞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት የበጋ ጨዋታዎች ተኩስ የቀረው በ1904 እና በ1928 ብቻ ነው። ቀስት ውርወራ ገባ ወጣ ሲል ቆይቶ ከ1972 ጀምሮ ሳይቋረጥ ዘልቋል። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ገመድ ጉተታም እስከ 1920 የኦሊምፒክ ውድድር ነበር፣ ዛሬ የለም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ።

ከፍቺያችን ሦስት ክፍሎች ሕጉና መለኪያው አያከራክሩም። እንዲያውም መለኪያውን ካየን፣ በጂምናስቲክ ውጤት የሚሰጠው በዳኞች ዓይን ሲሆን በተኩስ ግን ጥይቱ ያረፈበት ቦታ ራሱ ይናገራል። የሚያጠራጥረው የአካል ችሎታው ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ።

የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድርን እንውሰድ። አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የኢላማው እምብርት ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ተወዳዳሪው እስከ 5.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ ቆሞ ይዞ በ75 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ ይተኩሳል። የአፈሙዙ ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ኢላማው ላይ ሲደርስ ስሕተቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አሁን ደግሞ የሰውን አካል እናስብ። ልብ በመታ ቁጥር ክንድ በጥቂቱ ይነቃነቃል። ሳንባ ሲሞላና ሲጎድል ትከሻ ከፍ ዝቅ ይላል። ቆመን ዝም ያልን ሲመስለን እንኳ ሰውነታችን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፤ ተኳሹ ይህንኑ አውቆ፣ በሥርዓት፣ ስድሳ ጊዜ ያደርገዋል። የሠለጠነውም ተኳሽ በሁለት የልብ ምቶች መካከል ባለችው ፋታ ቃታውን መሳብ ይለምዳል።

ስለዚህ ዕረፍትና እርጋታ አንድ አይደሉም። ዕረፍት ጡንቻ ሥራውን ሲተው የሚመጣ ነው። እርጋታ ግን ጡንቻዎች አንዱ ሌላውን እየያዘ፣ አንዱ ሌላውን እያረመ የሚያስገኙት የሥራ ውጤት ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ከውስጥ ግን የተለያዩ ናቸው። ቀስት ውርወራ ላይ ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ ወንዶቹ በ70 ሜትር ርቀት ለመወዳደር የሚለጥጡት ደጋን 20 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ በማጣሪያው ዙር ብቻ 72 ቀስት ይወረውራሉ፤ እያንዳንዱንም ከለጠጡ በኋላ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ ያነጣጥራሉ።

የአካል ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ከተከለከሉ መድኃኒቶች ሕግ እናገኛለን። የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪሞች ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያዝዟቸዋል። ሯጭ ቢወስዳቸው ይደክማል እንጂ አይጠቀምም። በተኩስና በቀስት ውርወራ ግን ክልክል ናቸው፤ እጅን ያረጋጋሉና። በ2008 ቤጂንግ ላይ የሰሜን ኮሪያው ተኳሽ ኪም ጆንግ ሱ ያገኛቸውን የብርና የነሐስ ሜዳሊያዎች የተነጠቀው ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ በሰውነቱ ስለተገኘ ነው። የተኩስ ውጤት ከአካል ጋር ግንኙነት ባይኖረው ኖሮ የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒትን የሚከለክል ሕግ ባላስፈለገ።

ችሎታው በልምምድ የሚገኝ መሆኑን ደግሞ ሀንጋሪያዊው ካሮይ ታካች ያስረዳናል። በ1938 በወታደራዊ ልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ ቀኝ እጁን ጎዳው። ዓይኑ ያው ዓይን፣ ሽጉጡም ያው ሽጉጥ ነበር፤ ሆኖም ግራ እጁን ከመጀመሪያ ጀምሮ ማስተማር ነበረበት። አስተማረውም፤ በ1948 እና በ1952 በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ።

እስካሁን ያየነውን እናጠቃልል። ተኩስና ቀስት ውርወራ ሕግ አላቸው፣ ትክክለኛ መለኪያ አላቸው፣ የሚፈትኑትም በልምምድ የዳበረ አካልን ነው። አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ፤ ይህን ትምህርት ከማንም በላይ በአካሉ ያስተማረን ሰው አለና።

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ ሮጦ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። በመጋቢት 1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። በዚህ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የአከርካሪ ጉዳት ለደረሰባቸው ሰዎች ስፖርትን የሕክምናው ክፍል አድርጎ ነበር። የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ በሆስፒታሉ ግቢ ባዘጋጀው የመጀመሪያ ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ 16 ሰዎች ተሳተፉ፤ የተወዳደሩትም በቀስት ውርወራ ነው። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ አደገ። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ በ1960 የተካሄደውም አበበ በሮጠባት ሮም፣ እርሱ ካሸነፈ ከሳምንት በኋላ ነበር።

አበበ በ1970 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመትም ኖርዌይ ሄዶ በእነዚሁ ስፖርቶች ተሳተፈ። ልብ ብለን እንጠይቅ፦ ይህ ሰው ደጋን በያዘ ጊዜ ስፖርተኛ መሆኑ ቀርቶ ነበርን? በእግሩ የነበረው ሥራ ወደ ክንዱና ወደ ጀርባው ተዛወረ። ትንፋሽን መግዛት፣ ትዕግሥት፣ ራስን ለሕግ ማስገዛት ግን ማራቶን ላይ የነበሩ ናቸው፤ አብረውት መጡ። የኢላማ ስፖርት ለማን በር እንደሚከፍት እዚህ ላይ እናያለን።

ተማሪዎች የሚያነሧቸው ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊናቁ አይገባም። “ሥራውን የሚሠራው መሣሪያው ነው” የሚሉ አሉ። መሣሪያ ድርሻ እንዳለው እውነት ነው፤ ስለዚህም በሕግ ይገደባል፣ ክብደቱም ይለካል። በሩጫም እንዲሁ ነው። በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ የጨረሰው ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ ውጤቱ የተሰረዘው የጫማው ሶል ከተፈቀደው 40 ሚሊ ሜትር በላይ ስለነበረ ነው። “ሽማግሌ ሊያሸንፍበት ይችላል” የሚሉም አሉ። ስዊድናዊው ኦስካር ስዋን በ1920 በ72 ዓመቱ በተኩስ የብር ሜዳሊያ አግኝቷልና ልክ ናቸው። ይህ ግን የሚያሳየው እርጋታ ከፍጥነት ይልቅ ዘግይቶ የሚያረጅ ችሎታ መሆኑን ነው። “ጠመንጃ የጦርነት ዕቃ ነው” ለሚሉት ደግሞ ጦር ውርወራን እጠቅሳለሁ፤ ከጦር ሜዳ መጥቶ ዛሬ አትሌቲክስ መሆኑን የሚጠይቅ የለም። በጉግስም ፈረሰኛው የሚወረውረው ዘንግ መነሻው ጦር ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይለይ አይቅር። ሁለት ነገሮች ስፖርት ናቸው ማለት አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም። ማራቶን የጽናት ፈተና ነው፤ ተኩስ የትክክለኝነት ፈተና ነው። ከሁለቱ የትኛውን ቆመህ ታያለህ ብባል ማራቶንን እመርጣለሁ፤ ያደግሁበት ነውና። ምርጫዬ ግን ፍቺ አይሆንም።

ሁለቱን ፈተናዎች ባንድ ላይ የሚያገናኝ ውድድርም አለ። በዘመናዊ ፔንታትሎን የመጨረሻው ክፍል ተወዳዳሪው እየሮጠ መጥቶ፣ ልቡ እየደለቀ፣ በ10 ሜትር ርቀት ያሉ አምስት ኢላማዎችን በሌዘር ሽጉጥ መትቶ ተመልሶ ይሮጣል። በ2024 ፓሪስ ላይ በወንዶች ያሸነፈው አፍሪካዊ ነው፤ ግብፃዊው አሕመድ ኤል ጌንዲ።

በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በለገዳዲና በሰንዳፋ የምታስተምሩ የስፖርት መምህራንና አሠልጣኞች፣ አንድ ልመና አለኝ። በሩጫ ወደ ኋላ የሚቀር፣ እጁ ግን የማይንቀጠቀጥ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በተሽከርካሪ ወንበር የምትመጣ ልጅም ልትኖር ትችላለች። “ስፖርት ለአንተ አይሆንም፣ ለአንቺ አይሆንም” ከማለታችሁ በፊት የስፖርትን ፍቺ አስታውሱ። ተኩስም ሆነ ቀስት ውርወራ በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ መርሐ ግብር ውስጥ አሉ።