አዲሱ ፕሮግራም በቆየው ኮምፒውተር ላይ ለምን አይነሳም?

ጥያቄ፦ ባኮ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና እተዳደራለሁ። በኡቡንቱ 22.04 ኮምፓይል ያደረግሁት የእህል መጋዘን መመዝገቢያ ፕሮግራም በደንበኛዬ ኡቡንቱ 20.04 ላይ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» እያለ አይነሳም። የጎደለውን ፋይል ከእኔ ማሽን ብገለብጥለትስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ አይገልብጡ። የሊኑክስ ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፉት ጂሊብሲ በተባለው በዚህ ላይብረሪ ነው፤ ያለአግባብ ከተተካ ተራ ትእዛዞች እንኳ መሥራት ያቆማሉ።

ችግሩ የመጣው እንዲህ ነው፤ ቀድሞ የጂሊብሲ ክፍሎች የሆኑት ሊብፕትሬድና ሊብዲኤል ከዋናው ሊብሲ የተለዩ ፋይሎች ነበሩ። ቨርዥናቸው የግድ አንድ መሆን ስላለበት፣ በማሻሻያ መሀል አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሆነው ሲገናኙ ፕሮግራም ይወድቅ ነበር። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. የወጣው ጂሊብሲ 2.34 ወደ ሊብሲ ጠቀለላቸው፤ በእኔ እምነት ተገቢ ውሳኔ ነው። ለቆዩ ፕሮግራሞች ሲባል በቀድሞ ስማቸው ባዶ ሊባሉ የሚችሉ ፋይሎች ስለቀሩ፣ በአሮጌው የተሠራ በአዲሱ ላይ ይነሳል፤ በአዲሱ የተሠራው ግን 2.31 በያዘው ኡቡንቱ 20.04 ላይ አይነሳም።

ስለዚህ ፕሮግራሙን በ20.04 ማሽን ወይም ኮንቴይነር ውስጥ እንደገና ኮምፓይል ያድርጉት። የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በ2017 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ደንበኛዎ መዝገባቸውን በሌላ ዲስክ ገልብጠው ሲስተሙን ቢያሻሽሉ ይበልጥ ይመረጣል። ፋይሉ ቀድሞ ተተክቶ ማሽኑ እምቢ ካለ ግን፣ ዲስኩን ፎርማት ከማድረግዎ በፊት የሊኑክስ ሲስተም ባለሙያ ያሳዩት፤ መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ይገኛል።