ጢስ የማይደርስበት ገበታ
ስለ ቤተ ሰብ ማእድ ቤት አከፋፈል የተዘጋጀ ትምህርት

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው ስለ ሹም መለዋወጥ እንጂ ስለ ማእድ ቤት አይደለም። በጤና ጥበቃ ዐይን ሲታይ ግን የጉልቻው ነገር ሌላ ነው። ጉልቻው ከማይገባው ስፍራ ተነሥቶ በሚገባው ስፍራ ሲቀመጥ፣ ወጡ ባይጣፍጥ እንኳ የምታበስለው እናት ዐይንና ሳንባ ከጉዳት ይድናል፤ በአጠገቧ የሚድኸው ሕፃንም ከቃጠሎ ይተርፋል። በዚህ ወር ትምህርታችን የሥራ መደብና የመመገቢያ ስፍራ አብረው ያሉበት ማእድ ቤት በደጋው አገራችን እንዴት ሊሠራ እንደሚችል እንመለከታለን።

፩ኛ፤ የአገራችን ጠባይ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያሉት የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎችም ብርዳቸው የታወቀ ነው። ከዚህ ከፍታ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ማታ ማታ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወደ እሳት መሰብሰቡ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። በባሕር ጠረፍ ባለ አገር ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በእኛ ደጋ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ በመሆኑ ባቄላው፣ አተሩና ምስሩ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እሳቱ ሲረዝም ጢሱም ይረዝማል፤ እናቲቱም በጢሱ ውስጥ የምትቆይበት ሰዓት ይበዛል።

በዚህ ላይ ማገዶው ራሱ ችግር አለበት። እንጨት በጠፋበት ደጋ የሚነደው ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ኩበት ከደረቅ እንጨት ይልቅ ብዙ ይጤሳል፤ ለእርሻውም ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው ሀብት ዐመድ ሆኖ ይቀራል።

፪ኛ፤ ጢስ የሚያደርሰው ጉዳት

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ። ጢስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ በዐዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የልብ ሕመምና የዐይን ሞራ ያመጣል። «ጢሱ ለምዶናል» የሚል ሰው ብዙ ነው። የሚለምደው ግን ዐይንና አፍንጫ እንጂ ሳንባ አይደለም፤ ሳንባ የተቀበለውን ሁሉ እየቈጠረ ያኖራል።

፫ኛ፤ ማእድ ቤትን መለየት ብቻ ለምን አይበቃም?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ16 ክፍሎች ተከፍሎ ለየቤተ ሰቡ ሲያስተምር፣ ከብት ከመኖሪያ ቤት እንዲወጣና ማብሰያው ከመኝታው እንዲለይ መክሯል። ምክሩ ትክክለኛ ነው፤ ብዙ ቤተ ሰብም ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ምክሩን በግማሽ የፈጸሙ ቤቶች አሉ። ከቤቱ ጀርባ መስኮትና የጢስ መውጫ የሌላት ጠባብ ጎጆ ትቀለስና «ማእድ ቤት» ትባላለች። ከዚያ በኋላ ጢሱ ባልንና እንግዳን አይነካም፤ እናቲቱና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ግን ከቀድሞው ይልቅ በጠበበ ስፍራ ይታፈናሉ። ሌሊት ብርዱ ሲበረታም ልጆቹ ሙቀት ፍለጋ ወደዚያችው ጎጆ ይገባሉ። ጢሱን ከሳሎን ወደ ጓሮ አዛወርነው እንጂ ከሰው አላራቅነውም ማለት ነው።

፬ኛ፤ ከሌላ አገር የምንማረው

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት የሕንፃ ነዳፊ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ለሠራተኛ ቤተ ሰቦች አንድ ማእድ ቤት ነደፈች። ስፋቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ብቻ ነበር። በባቡር የምግብ ፉርጎ ያለውን ጠባብ ማብሰያ አርአያ አድርጋ፣ ምድጃውን፣ የውሃውን ገንዳና የሥራውን ጠረጴዛ ሠራተኛዋ ጥቂት እርምጃ ብቻ እንድትራመድ አድርጋ ደረደረቻቸው። እንዲህ ያለው ማእድ ቤት 10,000 ያህል ተሠራ፤ የሴቶችንም ድካም ቀነሰ።

ሆኖም አንድ ጉድለት ተገኘበት። ማእድ ቤቱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ስለ ነበረ፣ እናቲቱ ከልጆቿና ከገበታው ተለይታ ብቻዋን እንድትሠራ አደረጋት። እኛ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ እርምጃን መቁጠር ይጠቅማል፤ የምታበስለውን እናት ከገበታው መለየት ግን አይገባም።

፭ኛ፤ ለደጋ የሚስማማ የማእድ ቤት አከፋፈል

ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር የሆነ ከመኝታ ቤት የተለየ አንድ ክፍል እናስብ። ይህን ክፍል በርዝመቱ በሁለት እንከፍለዋለን። በአንደኛው ጫፍ 2 ሜትር ለእሳት ይሆናል፤ በሌላው ጫፍ 2.4 ሜትር ለገበታ ይሆናል። በመካከላቸው የሚቀረው 60 ሳንቲም ሁለቱን የሚለይ አጭር ግንብ ወይም መደብ ይሠራበታል። የዚህ ትምህርት ቁም ነገር ይህ መደብ ነው።

ሀ) የሥራው መደብ። መደብ ለደጋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲቀመጥበትና ሲተኛበት ኖሯል። አሁን የምናደርገው ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ ቁመቱ ከ80 እስከ 85 ሳንቲም ይሁን። ልኩን ለማወቅ የቤቱ እመቤት ቆማ ክንዷን ትጠፍ፤ የመደቡ ፊት ከክርኗ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ቢል ወገቧ ሳይጐብጥ ትሠራለች። ላዩ በሲሚንቶ ወይም በለሰለሰ ሳንቃ ቢሸፈን ለማጠብ ይመቻል። ርዝመቱ 3.1 ሜትር ሆኖ የቀረው 90 ሳንቲም መተላለፊያ ይሁን፤ በመተላለፊያው ላይ ትንሽ መዝጊያ ትደረግበት። እንዲህ ሲሆን መደቡ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ሽንኩርት ይከተፍበታል፣ ምግብ ይቀርብበታል፣ የሚድኸውን ሕፃን ከእሳትና ከፈላ ወጥ ይከለክለዋል። በመሬት ላይ ከተጐለተ ድስት ሕፃንን በዐይን ጥበቃ ብቻ ማዳን አይቻልም፤ እናት ሁለት ዐይን እንጂ አራት ዐይን የላትም።

ለ) እሳቱ። ምድጃው ከገበታው በራቀው ግድግዳ በኩል ይሁን። በ1980ዎቹ ዓመታት በአገራችን የተሠራው «ምርጥ ምጣድ» እሳቱን በሲሚንቶ ከብቦ ስለሚይዝ፣ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ተደርጎ የምጣዱ ፊት ከወለሉ 75 ሳንቲም ያህል ቢሆን፣ እናቲቱ እንጀራዋን ቆማ ትጋግራለች፤ ልብሷም ከነበልባሉ ይርቃል። ከምድጃው በላይ የቆርቆሮ መሳቢያና የጢስ ማውጫ ቧንቧ ይደረግ፤ ጫፉም ከጣሪያው በላይ ይለፍ። ጣሪያው ሣር ከሆነ ቧንቧው ሣሩን እንዳይነካ ዙሪያው በሰፊው በጭቃ ይመረግ።

ሐ) መስኮቶቹ። የመስኮቶች ስፋት ከወለሉ ስፋት አንድ ዐሥረኛ ማነስ የለበትም። ክፍላችን 20 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ 2 ካሬ ሜትር መስኮት ያስፈልገዋል፤ ይህም በትይዩ ግድግዳዎች ላይ ለሁለት ቢከፈል ነፋሱ አቋርጦ ያልፋል። መስኮቱን ለብርድ ብሎ መዝጋት የሚቻለው እሳቱ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ነው። በተለይ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይደር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ መልክም ሽታም ስለሌለው፣ የተኛን ቤተ ሰብ ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

መ) ውሃው። የመጠጥ ውሃ ከመደቡ ጫፍ፣ ከመተላለፊያው አጠገብ ይቀመጥ። ዕቃው አፉ ጠባብ፣ ክዳን ያለውና ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ቢሆን ይመረጣል፤ በጣሳ እየጠለቁ መቅዳት የእጅን እድፍ ወደ ውሃው ያስገባል። ውሃ ተፈልቶ የሚጠጣ ከሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። የእጅ መታጠቢያው ከሳሙናው ጋር በዚያው መተላለፊያ አጠገብ ይሁን፤ ወደ ገበታ የሚያልፍ ሁሉ ሳይታጠብ እንዳያልፍ ስፍራው ራሱ ያስታውሰዋል። እጣቢው በቦይ ወጥቶ ጠጠር በሞላበት ጉድጓድ ይግባ፤ በደጅ ከተኛ ዝንብ ይሰበስባል። ዝንብ ደግሞ በክልላችን እጅግ የተስፋፋውን የትራኮማ በሽታ ከዐይን ወደ ዐይን ያዛምታል።

ሠ) የጓዳው ዕቃ። ዱቄት፣ በርበሬና ሽሮ ክዳን ባለው ዕቃ ሆነው ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ይቀመጡ። ቡሀቃው ከእሳቱ ጐን ባለው ግድግዳ አጠገብ፣ ሙቀት በሚያገኝበትና ጥላሸት በማይወርድበት ስፍራ ይሁን፤ በደጋ ብርድ ሊጥ ለመቡካት ይዘገያልና።

ረ) ገበታው። በገበታው በኩል በሁለት ግድግዳ ሥር ቁመቱ 40 ሳንቲም የሆነ የመቀመጫ መደብ ይሠራ፤ መሶቡ በመካከል ይቁም። ረከቦቱ ከመስኮቱ ሥር ቢቀመጥ የቡናው ከሰል ጢሱ ቶሎ ይወጣል። ከሥራው መደብ አጠገብ ያለው መቀመጫ ለቤቱ እመቤት ይተውላት። ወጡ በመደቡ ላይ በእጇ ርቀት ስለሚሆን ለመጨመር ብላ ከገበታ መነሣት አያስፈልጋትም። በብዙ ቤት እናት የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ፣ በምድጃው ሥር፣ የተረፈውን ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በዚህ ልማድ ትጎዳለች፤ ጉዳቱም ወደ ልጇ ይተላለፋል። ስፍራ ሲዘጋጅላት ልማዱም ለመለወጥ ይቀልለዋል።

፮ኛ፤ አዲስ ቤት ለመሥራት አቅም ለሌለው

ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሠራ አይችልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይታወቅ። መጀመሪያ ባለው ማእድ ቤት ላይ የጢስ መውጫና ሁለት መስኮት ይከፈት፤ ይህ ከጉልበት በቀር ብዙ ወጪ የለውም። ቀጥሎ በእሳቱና በልጆቹ መካከል አጭሩ ግንብ ይቁም። ከዚያም ጉልቻው በተሻለ ምድጃ ይለወጥ። በመጨረሻ መደርደሪያውና መቀመጫው ይሠራ። እስከዚያው ድረስ ባቄላና አተር ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ቢያድር፣ ድስቱም ተከድኖ ቢበስል የእሳቱ ጊዜ ያጥራል። በከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤተ ሰብም ምጣዱ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የራሱን ወፍራም ገመድ በባለሙያ ያስገጥም፤ ከውሃውም ያርቀው።

፯ኛ፤ ለመምህራን የቀረበ መልመጃ

ተማሪዎች በቤታቸው ይህን ይፈጽሙ።

1. እናት ከውሃው ወደ እሳቱ በሄደች ቍጥር አንድ ባቄላ በቁና ይጣል፤ የአንዱ ጉዞ እርምጃም ይቈጠር። ለምሳሌ ውሃው 15 እርምጃ ቢርቅና በቀን 40 ጊዜ ብትመላለስ 1,200 እርምጃ ይሆናል። ውሃው 4 እርምጃ ላይ ቢሆን ግን 320 ብቻ ነው፤ ልዩነቱ 880 እርምጃ ነው። በዓመት ስንት እንደሚሆን ተማሪዎቹ ያባዙ።

2. የማእድ ቤታቸው ወለልና የመስኮቱ ስፋት ተለክቶ አንድ ዐሥረኛ መድረሱ ይታይ።

3. እሳት በሚነድበት ጊዜ ሕፃኑ የሚቀመጥበት ስፍራ ከእሳቱ ስንት ክንድ እንደሚርቅ፣ በመካከሉም ምን መከላከያ እንዳለ ይጻፍ።

4. የማእድ ቤቱ ንድፍ በወረቀት ተሥሎ፣ እናት በገበታ ላይ የምትቀመጥበት ስፍራ ይመልከት። ስፍራ ያልተገኘላት እንደ ሆነ ንድፉ እንደ ገና ይሠራ።

ተማሪው ይህን ንድፍ ወደ ቤቱ ይዞ ሲገባ ከአባቱና ከእናቱ ጋር እንዲመካከርበት መምህሩ ያሳስበው። ማገር የሚያቆመውና ጭቃ የሚያቦካው አባት፣ በጢሱ ውስጥ የምትውለውን እናት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የማእድ ቤቱን ሥራ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።