14.7 ለየትኛው ሥራ?

እኛ ዕጩ መምህራን ባለፈው ሳምንት ለማስተማር ልምምድ ስንዘጋጅ ሰሌዳው ላይ «ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር፤ ትክክለኛው ድብልቅ ይህ ነው» ብለን ጻፍን። መምህራችን «ለየትኛው ሥራ?» አሉን። ዝም አልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። 14.7 ቤንዚኑም ኦክሲጅኑም ሳይተርፍ የሚያልቅበት የኬሚስትሪ ሒሳብ ነው። የእሽቅድምድም ነጂ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሲረግጥ ግን የሚፈልገው ጉልበት ነው፤ ጉልበቱን የሚወስነው ደግሞ ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየር ነው። ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው (ገንዘቡን ለጊዜው እንርሳው!)፣ አየር መጨመር ግን ከባድ። ድብልቁ በሁሉም ጥግ እኩል ስለማይዳረስ፣ ኦክሲጅኑ ሳይቃጠል እንዳይወጣ ቤንዚኑን ትንሽ እናበዛለን፦ ከ12.5 እስከ 13 አየር ለ1 ቤንዚን። ትርፉ ቤንዚን ሲተን ሙቀቱንም ያበርዳል።

በሙሉ ጉልበት ላይ ቤንዚን ካነሰ ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ፒስተን እስከ መበሳት ይደርሳል። ከልክ በላይ ሲበዛ ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ነው፤ ይኼ ይጠረጋል፣ የተበሳ ፒስተን ግን አይጠገንም። ስለዚህ የሚያስተካክል ሰው ከበዛው ወገን ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነውና።

አንዳንዶቻችን ድምፁን ሰምተን የምናስተካክል ይመስለናል። በሚኒሞ ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ያማረ ሞተር ዳገት ላይ ስለሚሆነው ምንም አይነግረንም። ጭስ መውጫው ላይ የኦክሲጅን መለኪያ ገጥሞ፣ ሞተሩን ጭነት አሸክሞ ማንበብ ነው።