ሰበብ ማድረስና ተወኩል፦ ከአርክቲክ በረዶ የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከቆላ ወደ እንጅባራ የመጣን ተማሪዎች የመጀመሪያውን የኅዳር ፈጅር አንረሳውም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ለዉዱእ የምንከፍተው ውኃ ጣት ያደነዝዛል። ከመካከላችን ያለ ጋቢ ወጥቶ፣ ሲያመውም ሐኪም ቤት ሳይሄድ «በአላህ ተወክያለሁ» የሚል አይጠፋም። ተወኩል ይህ ነውን? መልሱን ለመፈለግ ከእኛ ብርድ እጅግ የከፋ ብርድ ውስጥ የነበሩ ሰዎችን ታሪክ እንመልከት። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኖርዌጂያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1893 ከ12 ባልደረቦቹ ጋር «ፍራም» በምትባል መርከብ ወደ አርክቲክ ተጓዘ። ቀደም ሲል በ1881 «ዣኔት» የተባለች መርከብ በዚያው በረዶ ተጨፍልቃ ሰጥማለች። ናንሰን ከዚህ ተምሮ የፍራምን ጎን ክብ አድርጎ አሠራ፤ በረዶው ሲጨምቃት ከመስበር ይልቅ ወደ ላይ እንዲያነሣት። የአምስት ዓመት ስንቅም ጫነ።

በማርች 1895 ናንሰንና ያልማር ዮሃንሰን ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ከመርከቧ ተነሥተው ወደ ሰሜን ዋልታ አቀኑ። ከእነርሱ በፊት ማንም ያልደረሰበት ቦታ ደረሱ፤ ዋልታው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቀራቸው። የበረዶው ክምር ግን መንገዱን አከበደው። ናንሰን ሁኔታውን አመዛዝኖ ተመለሰ። ክረምቱ ሲደርስባቸው በፍራንዝ ዮሴፍ ደሴቶች የድንጋይ ጎጆ ሠርተው፣ የድብ ሥጋ እየበሉ ስምንት ወር ገደማ ቆዩ። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 እዚሁ እንጅባራ የሚዘክሩት የዓድዋ ድል ሲገኝ፣ ሁለቱ ሰዎች በዚያች ጎጆ ውስጥ ነበሩ። በጁን 1896 ሌላ አሳሽ አግኝተው ዳኑ። ፍራምም ከበረዶው ወጥታ ተመለሰች፤ ከ13ቱ አንድም ሰው አልሞተም።

ናንሰን ሙስሊም አልነበረም። አላህ በፍጥረቱ ያኖረው የሰበብ ሕግ ግን ለሰው ልጅ ሁሉ ነው። ሦስት ነጥቦችን እንያዝ።

1. ሰበብ ማድረስ የተወኩል አካል ነው። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ግመሉን ፈትቶ በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ እንዲመካ ነግረውታል። በመጀመሪያ መርከቧ በደንብ ትሠራለች፤ ከዚያ ልብ በአላህ ላይ ያርፋል።

2. ነፍስ አማና ናት። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ፣ ብርዱ በበረታበት ሌሊት ጀናባ ሆኑ። ቢታጠቡ እንዳይሞቱ ፈርተው ተየሙም አድርገው ባልደረቦቻቸውን አሰገዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቋቸው ራስን መግደልን የሚከለክለውን የሱረቱ ኒሳእ 29ኛ አንቀጽ አስታወሱ። ነቢዩም ሳቁ፤ ምንም አላሏቸውም። ታሪኩን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ስለዚህ ጉዳት ሲመጣ ወደ ኋላ ማለት የእምነት ድክመት አይደለም።

3. ችግርና ምቾት ማጣት ይለያያሉ። ውኃው ስለቀዘቀዘ ብቻ ተየሙም አይደረግም። ማሞቅ የሚቻል ከሆነ ይሞቃል። ብርዱን ታግሦ ዉዱእን አሟልቶ ማድረግ ደግሞ ትልቅ አጅር አለው። ተየሙሙ የሚፈቀደው ማሞቂያ ጠፍቶ ጉዳት ለሚፈራ ነው። ከሞት ለማምለጥ የተከለከለ ምግብ የሚበላ ሰውም የሚፈቀድለት የሚያስፈልገውን ያህል ነው። የራሳችሁን ሁኔታ ኡስታዞችን ጠይቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነባር ተማሪዎች፣ ዘንድሮ ከቆላ የመጣ የዶርም ጓደኛችሁ ብርድ ልብስ እንዳለው ዛሬ ማታ ጠይቁት። ለፈጅር ውኃ ስታሞቁ ለእርሱም ጨምሩ። የታመመ ካለ ክሊኒክ አድርሱት፤ ከዚያ ዱዓ አድርጉለት። ናንሰንና ዮሃንሰንም ያንን ክረምት ያለፉት ሁለት ሆነው ነው።

ለሐለቃ መወያያ፦ በዚህ ሴሚስተር «ተወክያለሁ» እያልን ሰበቡን የተውነው ነገር የትኛው ነው?

አላህ ሰበብ ከሚያደርሱትና በእርሱ ከሚመኩት ያድርገን። አሚን።