ፊልም ላይ ያደጉ ልጆች መጨረሻቸው ምን ሆነ? ልጆቻችሁን በስልክ ለምትቀርጹ ወላጆች



«ሆም አሎን» የተባለውን ፊልም ያላየ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤተሰቡ ረስቶት የሄደው፣ ብቻውን ቤት ቀርቶ ሌቦቹን በወጥመድ የሚያሰቃያቸው ያ ልጅ ማካውሊ ካልኪን ይባላል። ፊልሙ በ1990 ሲወጣ 10 ዓመቱ ነበር (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያ ልጅ ግን ምን ሆነ?»

ለእኔ ይህ የዝነኞች ወሬ ብቻ አይደለም። የጤና ጥያቄ ነው። ድሮ ልጅን ካሜራ ፊት ለማቆም ሆሊውድ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ካሜራው ኪሳችን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ ያለፉ ልጆች አድገው ምን እንደሆኑ ማወቅ ይጠቅመናል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «በልጅነቱ ዝነኛ የሆነ ሁሉ ይበላሻል» የሚባለው ትክክል አይደለም። የወደቀው ዜና ይሆናል፤ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ በሰላም የሚኖረውን ግን ማንም አይጽፍለትም። ስለዚህ ጥያቄው «ካሜራ ልጅን ያበላሻል ወይ?» ሳይሆን «የተጎዱት በምን ተጎዱ? የዳኑትስ በምን ዳኑ?» መሆን አለበት።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. የቤቱ እንጀራ በልጅ ትከሻ ላይ ሲወድቅ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። ችግሩ የሚጀምረው ግን ልጅ ያቦካው ለቤቱ ሁሉ ራት ሲበቃ ነው።

ጃኪ ኩጋን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» የተባለው ፊልም ላይ ሲታይ ትንሽ ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ በልጅነቱ ያገኘው ገንዘብ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። በዚያ ዘመን ይህ የትየለሌ ሀብት ነው። 21 ዓመት ሲሞላው ገንዘቤን ስጡኝ ቢል እናቱና የእንጀራ አባቱ እምቢ አሉት። የሕጉ አቋም ልጅ የሠራው የወላጅ ነው የሚል ነበር። በ1938 ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። በመጨረሻ እጁ የገባው 126,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። በ1939 የካሊፎርኒያ ግዛት የሕፃናት ተዋንያንን ገንዘብ የሚጠብቅ ሕግ ያወጣው በእሱ ምክንያት ሲሆን፣ ሕጉ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እኔን ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላው ጉዳት ነው። ልጅ ቤተሰቡን ሲያስተዳድር ቦታው ይገለበጣል። ወላጅ ሠራተኛ፣ ልጅ አሠሪ ይሆናል፤ ሥልጣኑ ግን አሁንም የወላጅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ «ደክሞኛል» ማለት ይከብደዋል። እሱ ከደከመ የቤት ኪራይ አይከፈልማ! ካልኪን ካደገ በኋላ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ እረፍት እፈልጋለሁ እያለ ወደ ሌላ ፊልም ይወሰድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የገዛ አባቱ ነበሩ። በ14 ዓመቱ ግን በቃኝ ብሎ ለዓመታት ከፊልም ወጣ።

2. እንቅልፍ ሲነፈጉ

ጁዲ ጋርላንድ በ1939 የወጣውን «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ስትሠራ 16 ዓመቷ ነበር። እሷ ራሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ለረጅም ሰዓት እንድትሠራ የሚያነቃ ክኒን፣ ከዚያ ደግሞ እንድትተኛ የሚያስተኛ ክኒን ይሰጣት ነበር። እንዳትወፍርም ምግቧ ይቆጠር ነበር።

እዚህ ላይ ሕክምናውን ላስረዳችሁ። የሚያነቃቁት አምፌታሚኖች ረሃብንና ድካምን ያጠፋሉ፤ ድካሙ ግን የትም አልሄደም፣ ተደብቆ ነው። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል የሚሰጡት ባርቢቹሬቶች ናቸው። የእነዚህ አደገኛ ጠባይ ምን መሰላችሁ? ሰውነት ሲለምዳቸው ለእንቅልፍ የሚያስፈልገው መጠን እየጨመረ ይሄዳል፤ ትንፋሽን የሚያቆመው መጠን ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ስለዚህ በሚያስተኛውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይመጣል። ጋርላንድ በ1969 ለንደን ውስጥ በ47 ዓመቷ የሞተችው ሳታስበው ባርቢቹሬት ከመጠን በላይ በመውሰዷ ነው። ልማዱ የጀመረው በልጅነቷ ነበር።

ለማስታወስ ያህል፦ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ይህ ምክር እንጂ ቅንጦት አይደለም።

3. ሰውነት ሲለወጥ «ጥፋት» ሲሆን

ቦቢ ድሪስኮል የዋልት ዲዝኒ ተወዳጅ ልጅ ነበር። በ1953 በወጣው «ፒተር ፓን» ውስጥ የፒተር ድምፅ የእሱ ነው። በዚያው ዓመት ግን ኩባንያው አሰናበተው። ጎርምሷል፣ ፊቱን ብጉር ወርሶታል። አስቡት፤ የማያድገውን ልጅ የተጫወተው ልጅ፣ ስላደገ ሥራ አጣ። ከዚያ በኋላ የዕፅ ሱስ ውስጥ ገባ። በ1968 ኒውዮርክ ውስጥ ሰው በማይኖርበት ሕንፃ ሞቶ ሲገኝ 31 ዓመቱ ነበር። ማንነቱ ስላልታወቀ ጠያቂ ከሌላቸው ሰዎች ጋር ተቀበረ።

ከቴሌቪዥን ደግሞ ጄኔት ማከርዲን ልጥቀስ። በ2022 ባወጣችው መጽሐፍ እንደተረከችው፣ በ11 ዓመቷ ሰውነቷ መለወጥ ሲጀምር ትንሽ ሆና እንድትቆይ ምግብ መቀነስ ያስተማረቻት እናቷ ናት። ይህ ለዓመታት የቆየ የአመጋገብ ሕመም አመጣባት። ካደገች በኋላ ሕክምና አግኝታ፣ ትወናውን ትታ፣ ዛሬ ጸሐፊ ሆናለች።

ጉርምስና በሽታ አይደለም። ልጅ «ያማርኩት ትንሽ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ካመነ ግን የገዛ ሰውነቱን እንደ ጠላት ማየት ይጀምራል።

4. የማያውቁት ሰው ዓይን

«ማቲልዳ»ን ያያችሁ ማራ ዊልሰንን ታውቋታላችሁ። ፊልሙ በወጣበት በ1996 እናቷን በጡት ካንሰር አጣች። በኋላም ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ ኦ.ሲ.ዲ. የምንለው ሕመም እንዳለባት ታወቀ። ልብ በሉ፣ ወላጆቿ ጠንቃቆች ነበሩ፤ የቀረጻ ቦታውንም በደግ ታነሳዋለች። የጎዳት ከስክሪኑ ወዲያ ያለው የማይታወቅ ሕዝብ ነው። ገና 12 ዓመት ሳይሞላት ፎቶዎቿ ተቆርጠውና ተቀጥለው በብልግና ድረ ገጾች ላይ ወጥተው እንደነበር ጽፋለች።

እንግዲህ ይህ የሆነው ሁሉም ሰው ስማርት ስልክ ከመያዙ በፊት ነው። ዛሬስ?

5. የሚጠብቅ አዋቂ ሲጠፋ

ድሩ ባሪሞር በ1982 «ኢ.ቲ.» ሲወጣ 7 ዓመቷ ነበር። እናቷ በልጅነቷ የምሽት ክለብ ይዛት ትሄድ ነበር። ድሩ በ13 ዓመቷ ሱስ ማገገሚያ ገባች፤ በ14 ዓመቷ ፍርድ ቤት ከወላጆቿ ነፃ ሆና ራሷን እንድታስተዳድር ፈቀደላት። እንዲህ የተሰበረ ልጅ አበቃለት ትሉ ይሆናል። አላበቃላትም! ዛሬ ተዋናይት፣ ፕሮዲውሰር፣ የራሷ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያላትና የሁለት ልጆች እናት ናት። ሕክምና በጊዜ ከተገኘ የልጅ አእምሮ የመጠገን አቅሙ ትልቅ ነው።

የዳኑት ምን ነበራቸው?

የእነሱን ታሪክ ሳይ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታዩኛል።

አንደኛ፣ ከካሜራ ውጪ ሌላ ሕይወት። ናታሊ ፖርትማን በ13 ዓመቷ ታዋቂ ሆነች፤ ግን ትምህርቷን አልተወችም። በ2003 ከሃርቫርድ በሳይኮሎጂ ተመረቀች። በ2011 ደግሞ ኦስካር ወሰደች።

ሁለተኛ፣ ሥራው ሲቆም «አበቃልኝ» አለማለት። ኪ ሁይ ኳን ከቬትናም የተሰደደ ልጅ ነው። በ1984 ኢንዲያና ጆንስ ውስጥ ተወዶ፣ ሲያድግ ግን ሥራ አጣ። ፊልም ተምሮ ለረጅም ዓመታት ከካሜራ ጀርባ ሠራ። በ2023 ኦስካር ሲቀበል ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ሦስተኛ፣ ዝናን ለሌላ ቁም ነገር ማዋል። ሸርሊ ቴምፕል በ1930ዎቹ ከዓለም ሕፃናት ሁሉ ዝነኛዋ ነበረች። አድጋ ስታጣራ ከሠራችው 3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተረፈላት 44,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። በ22 ዓመቷ ፊልምን ተወች። በኋላ በጋናና በቼኮዝሎቫኪያ የአገሯ አምባሳደር ሆነች። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማደንቃት በ1972 ላደረገችው ነው። የጡት ካንሰር ይዟት ቀዶ ሕክምና ስትደረግ፣ ሰው ስለ ጡት ካንሰር በሹክሹክታ በሚያወራበት ዘመን በአደባባይ ተናግራ ሌሎች ሴቶች ፈጥነው እንዲመረመሩ መከረች። በ2014 በ85 ዓመቷ አረፈች።

ካልኪንስ? ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ በ2023 ሆሊውድ የዝነኞች ጎዳና ላይ ስሙ ተቀርጾለታል። ደህና ነው።

ወደ እኛ ስልክ እንመለስ

ልጃችሁን መቅረጽ ኃጢአት አይደለም። ለአያት የሚላክ ቪዲዮ፣ የልደት ትዝታ፣ እሰየው! ነገሩ የሚለወጠው ልጁ ገቢ ማምጣት ሲጀምር ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ቤተሰቦቼ ይህን እወቁ፦ ኢሊኖይ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ በወላጆቻቸው ቪዲዮ በብዛት የሚታዩ ከ16 ዓመት በታች ልጆች ከገቢው ድርሻቸው እንዲቀመጥላቸው በሕግ አስገድዳለች። ካሊፎርኒያም ተከትላለች። ያ የጃኪ ኩጋን ጉዳይ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ወደ ቲክቶክና ዩቲዩብ መጣ ማለት ነው።

ሕግ ባይኖርም እነዚህን በቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፦

👉 ልጁ ያመጣውን ገንዘብ በስሙ የባንክ ሒሳብ ከፍታችሁ አስቀምጡለት። የወር ወጪያችሁን በእሱ ላይ አትመሥርቱ።
👉 እንቅልፍና ትምህርት ለቀረጻ አይነኩም። በቃ።
👉 ሲያለቅስ፣ ሲታመም፣ ሲቀጣ፣ ገላውን ሲታጠብ አትቅረጹ። ዩኒፎርሙና ትምህርት ቤቱ እንዳይታወቅም ተጠንቀቁ።
👉 ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ፊቱና ስለ ቁመቱ የተጻፈ አስተያየት አታንብቡለት፤ እሱም እንዲያነብ አትተዉት።
👉 እንዲነቃ ወይም እንዲተኛ ብላችሁ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ምንም መድኃኒት አትስጡ።

እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ደግሞ ቀረጻውን አቁማችሁ ሐኪም አማክሩ፦ ከቀረጻ በፊት ሆዴን ወይም ራሴን አመመኝ ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መሸሽ፣ «ስንት ላይክ አገኘሁ?» በሚለው ብቻ መደሰትና ማዘን፣ ከጓደኞቹ መራቅ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን ነገ አትበሉ፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ ውሰዱት።

በመጨረሻ ለራሳችሁ የምታደርጉት አንድ ቀላል ምርመራ አለ። መሣሪያም ክፍያም አይፈልግም። ዛሬ ማታ ይህን ራሳችሁን ጠይቁ፦ «ልጄ ነገ ጠዋት፣ ከእንግዲህ አልቀረጽም፣ ቢለኝ ቤታችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?» መልሱ «ምንም» ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ልጃችሁ አሁንም ልጅ ነው። መልሱ ካስጨነቃችሁ ግን ቀረጻውን ዛሬውኑ ቀንሱ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ልጆቹን ለሚቀርጽ ወዳጃችሁም አጋሩት። ሰላምና ጤና ለሁላችሁ!