የአቡ ዑመይር ወፍ እና የክረምቱ ቤታችን



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ክረምት ነው። ት/ቤት ተዘግቷል። እኔ በምኖርበት ዓለም ባንክ ሰሞኑን ከዙህር በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና እስከ ዐስር ቆርቆሮው ሲደበደብ ይቆያል። ግቢው ጭቃ ስለሆነ ልጆች ውጪ መጫወት አይችሉም። በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሦስት አራት ልጅ፣ በየወንበሩ የተሰጣ ያልደረቀ ልብስ፣ አንዳንዴም መብራት የለም። እናት ከጠዋት እስከ ማታ «ተው! ውረድ! ዝም በሉ!» ስትል ትውላለች። ውጭ አገር ላሉት ወገኖቻችን እነዚህ ወራት የፀሐይና የሽርሽር ናቸው፤ ለኛ ሐምሌና ነሐሴ ማለት ቤት ውስጥ ተፋጦ መዋል ነው።

ዛሬ ስለዚህ ቤት እንተዋወስ። ከራሴ ልጀምር።

ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሰላት በኋላ ቁጭ ብዬ የምትልኩልኝን ጥያቄዎች በስልኬ እየመለስኩ ነበር። የአንዷ እህት ጥያቄ «ልጄ አይሰማኝም፣ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ረጅም መልስ እየጻፍኩላት ሳለ የ5 ዓመቱ ልጄ እየሮጠ ገባ።

«አቢ፣ ጫጩቷ ሞተች» አለኝ። ሌሊት ዝናብ መቷት ኖሯል።

ቀና ሳልል «እሺ፣ ሌላ እንገዛለን። በዚህ ጭቃ እግርህ ምንጣፉን እንዳትረግጥ» አልኩት። ሄደ። ማታ ባለቤቴ ጫጩቷን በካልሲው ጠቅልሎ አጥሩ ሥር እንደቀበራት ነገረችኝ። በማግስቱ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እያለቀሰ አልፎኝ ወደ እናቱ ገባ። የደነገጥኩት ያኔ ነው። እኔ ዘንድ ችግሩን ይዞ መምጣት እንደማያዋጣ በአንድ ቀን ተምሯል።

ያኔ ብዙ ጊዜ ያስተማርኩት ሐዲስ ትዝ አለኝ። አነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ) አቡ ዑመይር የሚባል ትንሽ ወንድም ነበራቸው። ልጁ የሚጫወትባት ድንቢጥ የምታክል ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞተችና ልጁ አዘነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ልጁን እንደ ትልቅ ሰው በኩንያው ጠርተው ያቺ ትንሽ ወፍ ምን እንደሆነች ጠየቁት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ኢብኑል ቃስ ከዚህ አጭር ሐዲስ 60 ቁም ነገሮችን አውጥተው ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈውበታል። እኛ ለክረምቱ ቤታችን አራቱን እንያዝ።

1ኛ. የልጅ ሐዘን ሐዘን ነው።
ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡማው ሸክም ሁሉ ትከሻቸው ላይ ነበር። ሆኖም ስለ አንዲት ወፍ ለመጠየቅ ጊዜ አገኙ። ኢብኑ ሐጀር እንደጠቀሱት ደግሞ ያ ልጅ ሳያድግ ነው የሞተው። አስቡት፣ ያቺ ጥያቄ ሌላ ቀን ትደርሳለች ተብላ ብትተው ኖሮ! እኛ ግን «ሲያድግ አጫውተዋለሁ» እንላለን። ማን ዋስትና ሰጠን?

2ኛ. ለልጅ የገባኸው ቃል ቃል ነው።
«ሌላ እንገዛለን» ያልኩት ልገዛ አስቤ አይደለም፤ እንዲሄድልኝ ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር እንደሆነ ስትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት። «ዝም ካልክ ስልኬን እሰጥሃለሁ»፣ «ዝናቡ ሲያባራ እንወጣለን» የምንለውን ሁሉ እንመርምር። ልጅ ውሸትን መጀመሪያ የሚማረው ከሚወደው ሰው ነው።

3ኛ. ቤት የሰላት ቦታ ነው።
በዚሁ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነ አነስ ቤት ሳሉ የሰላት ወቅት ሲደርስ የተቀመጡበት ምንጣፍ ተጠርጎ ውሃ ይረጭበትና እዚያው ያሰግዷቸው እንደነበር ተዘግቧል። በዝናባማና ብርዳማ ሌሊትም ሰዎች ባሉበት እንዲሰግዱ ሙአዚኑ እንዲያውጅ ያዝዙ ነበር። ይህ ከመስጂድ ለመቅረት ሰበብ መፈለጊያ አይደለም። ግን ዝናቡ በእርግጥ ሲከለክልህ ብቻህን ጥግ ይዘህ አትስገድ፤ ቤተሰቡን ሰብስበህ አሰግድ። ልጆቹ ይረብሹኛል ትላለህ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሱ ያነሷታል።

4ኛ. ዝናቡም ትምህርት ነው።
እኛ ዝናብ ሲመጣ ፊታችንን እናጠቁራለን፤ ልጆቹም ዝናብን መርገም ከኛ ይማራሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ዝናብ ሲያዩ ጠቃሚ እንዲያደርገው አላህን ይለምኑ ነበር። ሙስሊም እንደዘገቡት ዝናቡ ሰውነታቸውን እንዲነካው ልብሳቸውን ገለጥ ያደርጉ ነበር። እጁን ይዘህ ደጃፍ ላይ ለአንድ ደቂቃ አቁመው፤ መዳፉን ዘርግቶ ጠብታውን ይያዝ። ማን እንዳወረደው ንገረው። የዐቂዳ ትምህርት ከዚህ ይጀምራል።

ገና ያላገባችሁ ወጣቶች፣ «ይህ ለወላጆች ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታችሁ ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ ስልክ ላይ ስትውሉ፣ ታናናሾቻችሁን የምትይዘው ማን ናት? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር፣ የሰላት ወቅት ሲደርስም ወጥተው ወደ ሰላት ይሄዱ እንደነበር መልሰዋል። ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለዚህ ዕቃ ማጠብ፣ የልጅ ጫማ ጭቃ ማራገፍ ከወንድ ክብር የሚቀንስ ነገር የለውም። ሱና ነው። እኔም ይህን ስል ሚስቴ ታነበዋለችና ራሴን እያስያዝኩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ልጆችን ለክረምት መድረሳ ማስገባት ትልቅ ኸይር ነው። ግን «ከፊቴ ዞር ይበሉልኝ» በሚል ኒያ አይሁን። ሲመለሱ ዛሬ የትኛውን ሱራ እንደቀሩ ጠይቋቸው፤ ሲቀሩላችሁም ስልኩን አስቀምጡት።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ብቻ ልስጣችሁ። በቀን አንድ ጊዜ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ሊያናግራችሁ ሲመጣ ስልኩን በግንባሩ ድፉት፣ ዝቅ ብላችሁ ዓይኑን እያያችሁ እስኪጨርስ ስሙት። ኒያችሁን ለአላህ አድርጉ፤ አጅር አለው።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ልጄን «ና ጫጩት ልንገዛ እንሂድ» አልኩት። «አልፈልግም» አለ። «እሺ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት። «የቀበርኩበትን ላሳይህ» አለኝ። እያካፋ ነበር። አጥሩ ሥር ሁለታችንም ቁጢጥ አልን። ስሟን ጠየቅኩት። ስም እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። ነገረኝ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። በቤታችን ውስጥ እዝነትን ይዝራልን። የደከሙ እናቶቻችንን ያበርታልን። ዝናቡን ጠቃሚ፣ ክረምቱን የኸይር ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።